አውሮፕላኑ ከወደቀ ወዲህ ሪሞቱን ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል

«ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። 43 ዓመቴ ነው፤ ሌሊት ነው የምሠራው። ባለፈው የብርድ ወራት ከ11 ዓመት ልጄ ጋር ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብለን ከበልሳ እንጨት በሪሞት የሚበር አውሮፕላን ሠራን። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 1 ሜትር ተኩል ይሆናል። ሦስት ወር ፈጀብን። የክለቡ አስተማሪ ጠዋት ጠዋት ስድስት ጊዜ አብሮኝ አበረረው። ሰባተኛውን ለብቻዬ አበረርኩ። ሐምሌ ነበር፣ በጣም የሞቀ ከሰዓት፤ ነፋስም ነበረው። ላሳርፈው ስመልሰው በጣም የፈጠነ ስለመሰለኝ ሞተሩን ቀነስኩት። ወደ ማረፊያው ሳዞረው አንዱ ክንፍ ድንገት ወደቀ። ሪሞቱ አልታዘዝ አለኝ። በአፍንጫው ተተከለ። ልጄም የክለቡ ሰዎችም ቆመው ያያሉ። ክለቡ ውስጥ ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስብርባሪውን በጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ሰብስቤ ጋራዥ ጥግ አስቀመጥኩት፤ አራት ወር ሆነው። አሁን የሌላ ሰው ሪሞት እንኳ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ልጄ ‹አባዬ፣ መቼ ነው የምናበርረው?› ይለኛል። ባለቤቴ ‹ይቅርብህ፣ ለገንዘቡም ለልብህም› ትላለች። ልተወው? ወይስ የጠፋው መተማመኔ ይመለሳል?»

ወንድሜ፣

ስለ ልብህ ከማውራታችን በፊት ስለ ባትሪው። ስብርባሪውን ስትሰበስብ ባትሪውንም አብረህ ላስቲኩ ውስጥ ከተትከው? ከሆነ ማንበብህን እዚህ ላይ አቁምና ጋራዥ ሂድ። አውሮፕላንህ የሚጠቀመው ሊፖ ባትሪ ይመስለኛል፤ በኤሌክትሪክ የሚበር ሞዴል አብዛኛው እሱን ነው የሚጠቀመው። ሊፖ ኃይለኛ ምት ሲያገኘው ውስጡ ይጎዳል። ከላይ ምንም ሳይታይበት ቆይቶ ሊነድም ይችላል። ጋራዥህ ደግሞ ልጅህ ከሚተኛበት ቤት ጋር የተያያዘ ይሆናል። አውጣውና ከቤቱም ከመኪናውም አርቀህ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጠው። ካበጠ፣ ከተጨማደደ ወይም እንግዳ ሽታ ካለው አልቆለታል፤ ቻርጅ እንዳታደርገው። የሽቦዎቹን ጫፎች ለየብቻ በቴፕ ሸፍነህ ከተማህ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ውሰደው። ደህና ቢመስልህም እኔ ከእንዲህ ያለ አወዳደቅ በኋላ ያንን ባትሪ ዳግመኛ አልጠቀምበትም።

አውጥተኸው ተመለስክ? እንቀጥል።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኔ ያረፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ «ሪሞቱ አልታዘዝ አለኝ» ያልከው ላይ። እጅህን የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው። አንተ ዘንድ አውሮፕላኑ የወደቀው ያለ ምክንያት ነው። ደህና ሲበር ቆይቶ በአንዲት ቅጽበት ከእጅህ ወጣ። ያለ ምክንያት የወደቀ ነገር ነገም ያለ ምክንያት ይወድቃል። እንዲህ ያለውን መፍራት ጤነኝነት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ልጡ እባብ አለመሆኑን የሚያውቀው ቀርቦ ያየው ሰው ነው። ስለዚህ «አይዞህ፣ ትችላለህ» ብዬ አልመልስህም። አይዞህ የሚልህ ሰው አላጣህም። አውሮፕላኑ ለምን እንደወደቀ የነገረህ ሰው ነው ያጣኸው።

እኔ ደግሞ ምክንያቱ በደብዳቤህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። አንተው ነህ የጻፍከው።

አብራሪዎች ስቶል ይሉታል። ክንፍ አውሮፕላንን የሚሸከመው አየር በበቂ ፍጥነትና በልኩ ማዕዘን ሲያልፍበት ነው። ፍጥነቱ አንሶ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ሲል አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቃል። ክንፉም መሸከም ያቆማል። ብዙ ጊዜ አንደኛው ክንፍ ከሌላው ቀድሞ ይለቃል። ያኔ አውሮፕላኑ በዚያ በኩል ይገለበጥና እየተሽከረከረ ይወርዳል። ሞተሩ ደህና እየሠራም ይህ ይደርሳል።

አሁን ያንን ከሰዓት በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። አውሮፕላንህ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይበር ነበር እንበል። 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ ከኋላው ይገፋዋል። መሬት ላይ ለቆምከው ለአንተ 55 ሆኖ ታየህ። ክንፉ ግን የሚያውቀው 40ውን ብቻ ነው። አንተ 55ቱን አይተህ «ፈጠነብኝ» አልክና ሞተሩን ቀነስክ። 40 የነበረው ወደ 30 ወረደ። ከዚያ አዞርከው። ነፋሱ ገፍቶት ማረፊያው ስላለፈህ ክንፉን በደንብ አጋድለህ ስቲኩን፣ ማለትም የሪሞቱን መምሪያ ዘንግ፣ ወደ ራስህ ሳብከው። አይደለም እንዴ? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከፍታውን ሳይለቅ 60 ዲግሪ ተጋድሎ የሚዞር አውሮፕላን ክንፉ የሚሸከመው የክብደቱን እጥፍ ነው። ስቶል የሚያደርግበት ፍጥነትም በ41 በመቶ ከፍ ይላል። ቀጥ ብሎ ሲበር እስከ 25 ድረስ ይሸከም የነበረ ክንፍ እንዲህ ሲዞር 35 ላይ ይለቃል። አንተ ደግሞ 30 ላይ ነበርክ።

በዚህ ላይ ሙቀቱን ጨምርበት። ኦሮራ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። አየር ሲሞቅ ደግሞ ይሳሳል። 95 ፋራናይት፣ ማለትም 35 ዲግሪ በሆነ ከሰዓት እናንተ ዘንድ ያለው አየር 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ መደበኛ አየር ያህል የሳሳ ነው። የቦሌን ነገር ታውቃለህ። 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋሉ። ለ1 ሜትር ተኩሉ ክንፍም ሕጉ ያው ነው። በሳሳ አየር ያንኑ ክብደት ለመሸከም መፍጠን አለበት። ከአስተማሪህ ጋር የበረራችኋቸው ስድስቱ በረራዎች ጠዋት ነበሩ። ሰባተኛው የተለየ አየር ነው፤ የነገረህ ሰው አልነበረም እንጂ።

«አልታዘዝ አለኝ» ወዳልከው እንምጣ። ክንፉ ሲወድቅ ስቲኩን ወደ ተቃራኒው ገፋኸው አይደል? ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። በሌላ ጊዜ የወደቀ ክንፍ የሚነሳው እንደዚያ ነውና። ስቶል ላይ ሲሆን ግን የወደቀው ክንፍ ኤይለሮን (ከክንፉ ጀርባ ያለው ተጣጣፊ ክፍል) ወደ ታች ሲታጠፍ ያንን ክንፍ ይባስ ያሰምጠዋል። ሪሞቱ ታዝዞህ ነበር ወንድሜ። ትእዛዝህ ደርሷል። ክንፉ ነው ትእዛዙን የሚሠራበት አየር ያጣው።

ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ከመጽሐፍ አይደለም። በሁለተኛው ዓመቴ እኔም ቨርጂኒያ ውስጥ አንዱን እንዲሁ ተከልኩት። ጥፋቱን በሬዲዮው ላይ ጣልኩ። አዲስ ሪሲቨር (አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለውን) ገዝቼ ሌላ አውሮፕላን ላይ ገጠምኩ። እሱንም በሦስተኛው ሳምንት እዚያው መዞሪያ ላይ፣ በዚያው በኩል ተከልኩት። አንድ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ስለ ሬዲዮው አልጠየቁኝም። «ነፋሱ ከየት ነበር?» ብቻ ነው ያሉኝ። መመለስ አቃተኝ። አላየሁትም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የፈራሁት ነገር ስም አገኘ። ሁለት አውሮፕላን የከፈልኩበትን አንተ በአንድ ብትማረው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፤ እውነቱን ስታውቅ ደስ ይልሃል ብዬ ነው። ራይት ወንድማማቾች ኪቲ ሆክ ላይ በሞተር ለመብረር መጀመሪያ የሞከሩት ታኅሣሥ 17 ቀን አይደለም። በፈረንጆቹ 1903፣ ታኅሣሥ 14 ነው። ተራው የዊልበር ነበር። ከመንደርደሪያው ሐዲድ እንደለቀቀ አፍንጫውን ከልክ በላይ ቀና አደረገው። አውሮፕላኑ ስቶል አደረገና ከሦስት ሰከንድ ተኩል በኋላ አሸዋው ላይ ወረደ፤ ተጎዳም። ዊልበርም ምን እንዳጠፋ አውቆት ነበር። ጠገኑት። በ17ኛው ቀን ኦርቪል 12 ሰከንድ በረረ። የዚያኑ ቀን ዊልበር ራሱ 59 ሰከንድ፣ 260 ሜትር ያህል ሄደ። የአንተ አውሮፕላን የወደቀበት ምክንያትና የዊልበር አንድ ዘር ናቸው።

እርግጥ ነው፣ እኔ ከሩቅ ሆኜ ነው የምናገረው። ላስቲኩን ከፍተህ ማጣራት የአንተ ፈንታ ነው። ስብርባሪውን ወለሉ ላይ በቦታ በቦታው ዘርጋው፤ ክንፉን በክንፍ ቦታ፣ ጭራውን በጭራ ቦታ። ሞተሩ እንዳይነሳ ፕሮፔለሩን መጀመሪያ ፍታው። ከዚያ በሌላ ጤነኛ ባትሪ ሪሲቨሩን አስነሳና ሰርቮዎቹ፣ መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች፣ አንድ በአንድ ይንቀሳቀሱ እንደሆነ እይ። ማጠፊያዎቹንና ሽቦዎቹን ሳብ ሳብ አድርጋቸው። የተሰበረው ቦታ ስንጥር አውጥቶ ከሆነ የሰበረው መሬቱ ነው። ሙጫው ለስለስ ብሎ ከለቀቀ ግን አየር ላይ እያለ የለቀቀ ሊሆን ይችላልና ልብ በል። የሪሞቱን ርቀት መፈተሻ አብራና 30 እርምጃ ያህል ራቅ ብለህ ሞክር። ሁሉም ከሠራ እባቡን አገኘኸው፤ ስቶል ነው። አንዱ ካልሠራም አገኘኸው። በሁለቱም መንገድ ማታ የምታስበው ነገር ይቀንሳል።

የበልሳውን አውሮፕላን ጠግኑት፤ ግን መጀመሪያ የምታበርረው እሱን አይሁን። አንደኛ፣ የተጠገነ እንጨት የተደበቀ ስንጥቅ አያጣም። ሁለተኛ፣ ሙጫና ማጠናከሪያ ሲጨመርበት ሚዛኑ ይዛባል። ከክንፉ ፊት ጀምሮ ከስፋቱ 25 እስከ 30 በመቶ ባለው ቦታ ላይ በሁለት ጣት ስታነሳው ቀጥ ማለት አለበት። ጭራው የከበደ አውሮፕላን አንዴ ብቻ ነው የሚበረው ይላሉ የሜዳው ሰዎች። ሦስተኛውና ዋናው፣ ሦስት ወር የለፋህበትን ነገር ወደ ሰማይ ስትልክ እጅህ የሚይዘው አውሮፕላኑን ብቻ አይደለም። ሦስቱን ወር ነው። ለመመለሻህ ርካሽ የፎም አውሮፕላን ግዛ፤ ያገለገለም ቢሆን። ፎም ሲወድቅ በሙጫ ማታውኑ ይጠገናል። ክብደቱ ከ250 ግራም በታች ከሆነ ለመዝናኛ ሲበር መመዝገብ እንኳ አያስፈልገውም። ከበለጠ 5 ዶላር ከፍለህ ለሦስት ዓመት ነው።

እስከዚያው ብርዱ አለ። ሲሙሌተር፣ ማለትም የበረራ መለማመጃ ፕሮግራም፣ ኮምፒውተር ላይ ጫንና የራስህን ሪሞት ሰክተህ ያንን መዞሪያ ድገመው። ነፋሱን ከኋላ 15 አድርገው። ሞተሩን ቀንስ፣ አጋድል፣ ሳብ። ሲወድቅ እየው። ከዚያ ሳትቀንስ ሞክር። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ሲሙሌተር አውራ ጣትህን እንጂ ልብህን አያሠለጥንም። ኮምፒውተር ላይ ማንም እጁ አይንቀጠቀጥም።

ልብ የሚሠለጥነው ሜዳ ላይ ነው። ከምነግርህ ሁሉ ይህን አንዱን ብቻ ብትይዝ ይበቃኛል። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ወደ አስተማሪህ ሂድና ባዲ ቦክስ የሚሉትን እንዲያገናኝልህ ጠይቀው። ሁለት ሪሞት ነው፤ አንተ ስትስት እሱ በአንድ ማብሪያ ይረከብሃል። ይህን መጠየቅ ወደ ኋላ መመለስ አይደለም። ለቀዝቃዛው ጠዋት ባትሪውን ከኮትህ ውስጥ አሙቀው፤ ሊፖ ሲበርደው ጉልበቱ ይቀንሳል። ከዚያ አውሮፕላኑን 80 ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት። ሕጉ በአብዛኛው ቦታ እስከ 400 ጫማ፣ 120 ሜትር ገደማ፣ ይፈቅዳል። እዚያ ላይ ሆነህ፣ አውቀህ፣ ስቶል አድርገው። ሞተሩን ቀንስ። ስቲኩን ቀስ እያልክ ሳብ። ሳብ። አፍንጫው ቀና ይላል፣ አውሮፕላኑ ይሰንፋል፣ መሪው የሟሸሸ ይመስልሃል። ያቺን የሟሸሸች ስሜት ልብ በላት፤ ሐምሌ ላይ ሳታውቃት ያለፈችህ ማስጠንቀቂያ እሷ ናት። ክንፉ ሲወድቅ መሳቡን ልቀቅ፣ ስቲኩን ትንሽ ወደ ፊት ግፋ፣ ኤይለሮኑን መሐል አድርግ፣ ሞተር ጨምር። ፍጥነት ሲይዝ ክንፉን አስተካክልና ቀስ ብለህ አውጣው።

መጀመሪያ እጅህ ይንቀጠቀጣል። ይንቀጥቀጥ። ስቲኩን በአውራ ጣት ብቻ ሳይሆን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ቆንጥጠህ ያዘው፤ መንቀጥቀጡ ወደ አውሮፕላኑ ብዙም አይደርስም። ሁለተኛው ላይም ትፈራለህ። አምስተኛው ላይ ግን አንድ ነገር ይለወጣል። ክንፉ ከመውደቁ በፊት መቼ እንደሚወድቅ ታውቃለህ። ክንፍ ሳታጋድል፣ መሬትም ሳይቀርብ፣ 80 ሜትር አየር ከሥሩ እያለ፣ ያ የፈራኸው ነገር በትእዛዝህ ይመጣል፤ በትእዛዝህም ይሄዳል። እኔ ያን ቀን ሪሞቱን አስቀምጬ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለመናገር ዛሬም ይከብደኛል።

ማሳረፉን በመጀመሪያው ቀን ለአስተማሪህ ተውለት። በሚቀጥለው ጊዜ ሳታሳርፍ ማረፊያውን በዝቅታ እያለፍክ ተመለስ፤ አሥር ጊዜ። መዞሪያው ላይ ሞተሩን አትቀንስ፤ የሚቀነሰው ክንፉ ተስተካክሎ ፊቱን ወደ ነፋሱ ካዞረ በኋላ ነው። ማረፊያው ካለፈህ ይለፍህ። ሞተር ጨምረህ ዙርና ድገም። ወደ አንተ ሲመጣ ግራና ቀኙ ከጠፋብህ ደግሞ ስቲኩን ወደ ወደቀው ክንፍ ግፋ፣ ልክ ከሥሩ እንደምትደግፈው። ፍጥነት እስካለው ድረስ ይሠራል።

ስለ ሰዎቹ። «ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ» ስትል ገባኝ። ሌላው ሰው ሲወድቅበት ለራሱ ብቻ ነው የሚወድቅበት። እኛ ግን አገሩ ሁሉ አብሮን የወደቀ ይመስለናል። ይሉኝታው ከባድ ነው፤ አላቃልልብህም። ግን እዚያ ሜዳ ላይ የቆሙት ሰዎች ሁሉ መሬት የተከለ አውሮፕላን አላቸው። ቅዳሜ ሂድና አንዱን «የመጀመሪያህ እንዴት ወደቀ?» ብለህ ጠይቀው። አንድ ሰዓት ያወራሃል። ከዚያ በኋላ አንተ የተረፈ ሳይሆን የተጨመረ ሰው ትሆናለህ።

ባለቤትህ ያለችው ግማሹ ልክ ነው። የገንዘቡን ጉዳይ በግልጽ ተነጋገሩ፤ በወር ይህን ያህል ብላችሁ ወስኑና ከዚያ አትለፍ። የልብህን ግን እንዲህ በላት፦ አራት ወር ያመመኝ መብረሩ ሳይሆን መቆሙ ነው። ትረዳሃለች ብዬ አምናለሁ፤ ማታ ማታ ፊትህን የምታየው እሷ ናትና።

ልጅህ ደግሞ መልስ እየጠበቀ ነው። ቀን ቁረጥለት። ላስቲኩን ለብቻህ እንዳትከፍተው፤ አብራችሁ ክፈቱት። ባትሪው እስከወጣ ድረስ ለሕፃን የሚያስፈራ ነገር የለውም። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እንዲህ አድርጌ» ብለህ በእጅህ ክንፉን እያጋደልክ አሳየው። 11 ዓመቱ ነው፤ ስቶልን ከአንተ ቀድሞ ይረዳዋል። ትረስት የሚባለውን ነፃ ፈተና ኢንተርኔት ላይ ሁለታችሁም ውሰዱት፤ ለመዝናኛ የሚያበርር ሁሉ ሊኖረው ይገባል። ከዚያ ሥራ ስጠው። አንድ ደብተር ይያዝ። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ትንሽ ሣር ነቅሎ ወደ ላይ ይበትንና ነፋሱ ከየት እንደሆነ ይጻፍልህ። ሰዓቱንም እሱ ይያዝ። አንተ ዓይንህን ከሰማይ አትንቀል። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ከጎንህ ቆሞ «አባዬ፣ ጊዜው ደረሰ፤ ነፋሱ ከግራ ነው» የሚልህ እሱ ይሁን።